የጥንቸሏ ድልድይ

ኤልፍነሽ ንዋይ በሥራ ቀልድ አታውቅም። በሌላው እንኳ እንደ ማንኛችንም ናት፤ ትስቃለች፣ ታማለች፣ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ከዜማ ሲወጡ አጠገቧ የተቀመጠችውን በክርኗ ትጎሽማለች። ሥራ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። አዲስ አበባ ሳለች ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት መርማሪ ነበረች። ጣቃው በመብራት ላይ እየተተረተረ ሲያልፍ ቆማ ታያለች፤ የተበጠሰ ክር ወይም የዘይት ጠብታ ካገኘች በቀይ ጠመኔ ታከብበዋለች። እዚያ የተማረችው ትልቅ ነገር አንድ ነው፦ ጣቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልታየ አልታየም። የመጀመሪያው አምስት ሜትርማ ሁልጊዜም ያምራል። ገዢ ገልጦ የሚያየው እሱን መሆኑን አምራቹ መች አጣውና!

ዲቪ ደርሷት አትላንታ ከመጣች በኋላ ኮንየርስ ውስጥ ከአንድ ትልቅ መጋዘን ተቀጠረች። የመጋዘኑ ሥራ ሰው ገዝቶ የመለሰውን ዕቃ መቀበል ነው። የተመለሰ ጫማ፣ የተመለሰ መጥበሻ፣ የተመለሰ ምንጣፍ፤ አሜሪካኖች የማይመልሱት ነገር የለም። ለኤልፍነሽ የደረሳት የልጆች ቪዲዮ ጌም ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ አለ። ሲዲውን ታስገባለች፤ ጌሙ ተነስቶ ሁለት ደቂቃ ሳይቆም ከሄደ «ይሠራል» ብላ ትመዘግባለች። ከዚያ የስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ያሉበትን ክብ ስቲከር ከሽፋኑ ውስጥ ትለጥፋለች፤ ዕቃውም ለቅናሽ ሱቆች ይሸጣል። ካልተነሳ ደግሞ «ብልሽት» ተብሎ ላሳተመው ድርጅት ይመለሳል።

ሁለት ደቂቃ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከንክኗታል። ሱፐርቫይዘሯን መክብብን ጠየቀችው። መክብብ ሠላሳ ያልሞላው፣ እዚሁ ሃይስኩል የጨረሰ፣ ልቡ ደግ የሆነ ግን ጥላውን የሚፈራ ልጅ ነው።

«እትዬ ኤልፍነሽ፣ ዶንት ወሪ» አላት። «ኮንትራቱ ቱ ሚኒትስ ነው የሚለው። ከዚያ በላይ ካዩት በሰዓት የሚፈትሹት ቁጥር፣ ሬትዎ ይወርዳል። ስታርት ካደረገ ጀስት ፓስ ያድርጉት።»

የእንጀራ ነገር ነውና እሺ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ እያየች ስቲከሯን ለጠፈች።

በፈረንጆቹ 2013 መስከረም ላይ የልጅ ልጇ ሰሎሜ ሰባት ዓመት ሞላት። ኤልፍነሽ ከልጇ ከእድላዊትና ከሰሎሜ ጋር ስኔልቪል ነው የምትኖረው። ሰሎሜ ያን ሰሞን ጥንቸሏ ሎሊ በምትባል የቴሌቪዥን ካርቱን አብዳ ነበር። ቦርሳዋ ሎሊ፣ ካልሲዋ ሎሊ፣ የጥርስ ብሩሽዋም ሎሊ። አያት ሆዬ እዚያው ስኔልቪል ካለ የቅናሽ ሱቅ ስትገባ ሽፋኑ ላይ ሎሊ ካሮት ታቅፋ የምትስቅበት ጌም አገኘች። አሳታሚው ብሉ ኬትል ይላል፤ ዲኬተር ቢሮ ያለው ድርጅት ነው። ከጀርባው ደግሞ «ለአራት ዓመት ልጅ እንኳ ቀላል!» ተብሎ ተጽፎበታል። ምን ትፈልጋለች? ገዛችው።

የልደቱ ዕለት ሰሎሜ ሽፋኑን ስትከፍት ከውስጥ ክብ ስቲከር ብቅ አለ፤ የኤልፍነሽ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ኤልፍነሽ እልል አለች። በዚህ ሁሉ ሱቅ፣ በዚህ ሁሉ ከተማ፣ እጇ የነካው ዕቃ እቤቷ ድረስ መምጣቱ ተአምር መሰላት።

«ይኸው! እኔው ነኝ የፈተሽኩት!» አለች ለተሰበሰበው እንግዳ ሁሉ እያሳየች። «የኔ ልጅ፣ እማማ የፈተሸችው ዕቃ እንከን አይገኝበትም። ተጫወቺ!»

ይቺን ንግግር በኋላ ስንት ጊዜ ረግማታለች።

ሰሎሜ የመጀመሪያውን ሌቭል በአንድ ቀን ጨረሰች፤ ሁለተኛውንም በሁለት ቀን። ሦስተኛው ላይ ሎሊ ወንዝ ዳር ትደርሳለች፤ ካሮቶቹ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ሰሎሜ ዘለለች፣ ወደቀች። እንደገና ዘለለች፣ ወደቀች። በወደቀች ቁጥር ከቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ደስተኛ ሴት «ኡፕስ! እንደገና ሞክሪ!» ትላለች። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ፤ ሁለተኛውም ሳምንት አለፈ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንዙ ዳር ትቀመጣለች። እንባዋ እየወረደም ትዘላለች።

እድላዊት በሽፋኑ ላይ ባለው ስልክ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው ቁልምጫው ለጉድ ነው። ጌሙ ምንም ችግር የለበትም አላት፤ አንዳንድ ልጆች በዚህ ዕድሜ ቀስ ብለው ነው የሚደርሱት፣ ልምምድ ያስፈልጋታል አላት። እድላዊት በሽተኛ ስታነሳና ስታስተኛ የምትውል ሴት ናት፤ ደክሟታል። የተባለችውን ለልጇ ነገረቻት፣ ተለማመጂ አለቻት።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰሎሜ ከኋላ ወንበር ሆና ጠየቀች።

«እማማ፣ እኔ ስቱፒድ ነኝ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ማን አለሽ?» አለች ኤልፍነሽ ዞር ብላ።

«ጌሙ ደህና ነው። አንቺ ቼክ አድርገሽዋል፣ ስምሽ አለበት። ፎር ይር ኦልድ ይችላል ይላል። እኔ ሰቨን ነኝ፣ አልቻልኩም። ሶ… እኔ ነኝ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ቢሆን ለኤልፍነሽ ይሻላት ነበር፤ እንባ ማበስ ትችላለች። ሰሎሜ ግን አላለቀሰችም፣ ነገሩን አስባበት ጨርሳለች። ሰኞ ጠዋት ኤልፍነሽ ሰሎሜ አውቶቡስ ስትሳፈር ጠብቃ ቴሌቪዥኑን ከፈተችና ጆይስቲኩን አነሳች።

በሃምሳ አራት ዓመቷ ጆይስቲክ ይዛ አታውቅም። መጋዘኑ ውስጥ የምትነካው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ማስጀመሪያውን። የመጀመሪያውን ጠዋት ሙሉ ጥንቸሏን ከአጥር ጋር ስታላትማት አረፈደች። በሁለተኛው ቀን አጥሩን ዘለለች፤ በሦስተኛው አንድ ካሮት ለቀመችና ብቻዋን ሳሎን ውስጥ አጨበጨበች። ሥራ የምትገባው አራት ሰዓት ስለሆነ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት አላት፤ ያን ጊዜ አንዲት ደቂቃ አላባከነችም። አውራ ጣቷ አበጠ። በዘጠነኛው ቀን ሦስተኛው ሌቭል ደረሰችና ከወንዙ ዳር ቆመች።

እሷ ግን እንደ ልጅቷ ዘልላ አልወደቀችም። መጀመሪያ አየች። ወንዙን ከላይ እስከ ታች፣ ዳሩን ስንዝር በስንዝር እየሄደች መረመረችው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ዘለለች። ጥንቸሏ የምትዘለው የወንዙን ግማሽ ያህል ነው፤ ከየትም ብትነሳ ግማሽ። ከወንዙ ወዲህ ሁለት ግንድ ቆሟል፣ ከወዲያ ማዶም ሁለት ግንድ ቆሟል። ልክ ድልድይ የሚታሰርባቸው ምሰሶዎች ናቸው። ድልድዩ ግን የለም።

«የታባታችሁ!» አለች ኤልፍነሽ፣ ስድብ እንኳ ከአፏ የማይወጣ ሴት። ልጅቷ ጤነኛ ናት! ጣቃው ነው መሃሉ ላይ የተቀደደው። እሷ ደግሞ አምስት ሜትር አይታ ስሟን ለጥፋበታለች።

ሰሎሜ ስትመጣ ሮጣ ነገረቻት። «አንቺ አይደለሽም! ጌሙ ነው የተበላሸው! ድልድይ የለውም!»

ሰሎሜ አያቷን በሐዘኔታ አየቻት። «ስለምትወጂኝ ነው እንደዚያ የምትዪው» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች።

ኤልፍነሽ ያኔ ነገሩ ገባት። እንከን የለውም ያለችው እሷ፣ እንከን አለው የምትለውም እሷ፤ የሷ ቃል ከዚህ በኋላ ለዚች ልጅ አይሠራም። ያጠፋው ራሱ፣ በራሱ አፍ፣ አጥፍቻለሁ ማለት አለበት። ይህን አስብላለሁ ብላ ቆረጠች። እንዴት እንደምታስብለው ገና አላወቀችም።

መጋዘን ውስጥ የምሳ ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልፍነሽ ምሳዋን በአንድ እጅ፣ ጆይስቲኩን በሌላው ሆነ። የተመለሰ ሎሊ በመጣ ቁጥር እስከ ወንዙ ትወስደዋለች። አሥራ አራት ሲዲ አየች፤ በአሥራ አራቱም ድልድይ የለም። ከዚያ ብሉ ኬትል ያሳተማቸውን ሌሎች ጌሞች ማየት ጀመረች። አንዱ ማር የሚለቅም ድብ ነው፤ በሌላ ካርቱን የታወቀ ድብ። እሱም ሦስተኛው ሌቭል ላይ ያው ወንዝ ይጠብቀዋል፣ ያው አራት ግንድ ቆሟል። ሌላው የእሳት አደጋ መኪና ነው። መኪናው ወንዙ ዳር ሲደርስ ጡሩምባ ይነፋል፤ ኤልፍነሽ ይህን ስትሰማ ጉሮሮዋ ላይ ያለውን ጉርሻ ልትታነቅበት ነበር። ለካስ ጥንቸሏ ወንዙ ዳር ስትዘል ከሩቅ «ኡዋ ኡዋ» የሚል ድምፅ የምታሰማው ወድዳ አይደለም፤ ከመኪናው የቀረ ጡሩምባ ነው!

ነገሩ ወለል አለላት። እነዚህ ሰዎች አንድ ጌም ሠርተዋል፤ እሱንም ሳይጨርሱት። ከዚያ በየዓመቱ ልጆች የወደዱትን ካርቱን ስም ይገዙና በዚያው ላይ ይለብጡታል። ዘንድሮ ጥንቸል፣ አምና ድብ፣ ካቻምና መኪና። ጨርቁ ያው፣ የተቀየረው ቀለሙ ብቻ። ገዢው ደግሞ ሕፃን ነው፣ ሕፃን የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

ኤልፍነሽ ብሉ ኬትል የሚል ሁሉ ሲመጣላት «ብልሽት» ማለት ጀመረች። መመዝገቢያው ላይ ማንም የማይጽፍበት የአስተያየት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳትለውጥ ትጽፋለች፦ «ሌቭል 3። ድልድይ የለም። ልጅ አይሻገርም።» በሦስት ሳምንት ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ጻፈችው።

አንድ ማክሰኞ መክብብ ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«እትዬ ኤልፍነሽ፣ ፕሊስ! ምን እያደረጉ ነው? ብሉ ኬትል ኮምፕሌይን አድርጓል። ስታርት የሚያደርገውን ጌም ሁሉ ሪጀክት አደረጋችሁብን ብለው ሐሙስ ሰው ይልካሉ። ማናጀሯ ሚስ ዳርሊን በጣም አፕሴት ናት።»

«ይላኩ። ደግ አደረጉ።»

«ኖ ኖ፣ አልገባዎትም። ሶሪ ይበሉና ይለፍ።»

«አጥፍቼ ነው ሶሪ የምለው?»

«ባት ጆብዎን ሊያጡ ይችላሉ እኮ!»

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ኤልፍነሽ ፈርታለች። የጤና ኢንሹራንሷን የምታገኘው ከዚህ ሥራ ነው፤ ሃምሳ አራት ዓመት ደግሞ ሌላ ሥራ ፍለጋ የሚወጡበት ዕድሜ አይደለም። ረቡዕን ሙሉ ጸለየች፤ ሶሪ የሚለውን ቃልም አፏ ላይ ሞክራ አየችው፣ አልወጣ አላት።

ሐሙስ ልክ በምሳ ሰዓት የብሉ ኬትል የምርት ኃላፊ ሚስተር ኮልተን ደረሰ። አርባ ያልሞላው፣ ሮዝ ክራቫት ያሰረ፣ ጥርሱ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ለሠራተኛው ሁሉ ከጨርቅ የተሠሩ ትንንሽ ሎሊዎች በካርቶን ይዞ መጥቷል፤ እያደለ ገባ። የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ሚስ ዳርሊን እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ቁጥር እንጂ ቀልድ የማይገባት፣ ግን ቁጥር ሲገባት በደንብ የሚገባት ሴት ናት። ሁለት መቶ ስድስቱን ማስታወሻ አትማ ይዛለች።

ኮልተን አየት አደረገውና ሳቀ። ጌሞቻቸው በመላ አገሪቱ እንደሚሸጡ፣ ልጆች ቶሎ ስለሚሰለቹ እንደሚመልሱ፣ ሁሉም እንደሚነሳና እንደሚሠራ አስረዳ። ከዚያ ወደ ኤልፍነሽ ዞረና ድምፁን አለሳለሰ።

«በአክብሮት ነው የምናገረው፤ ጌም የማያውቅ ትልቅ ሰው ሌቭል ሦስት ላይ ቢወድቅ አይገርምም። ልጆች በቀላሉ ይሻገሩታል።»

የኤልፍነሽ ፍርሃት እዚያው ላይ በነነ። ቀስ ብለው የሚደርሱ ልጆች እያለ በስልክ የሚያቆላምጠው ድርጅት፣ ፊቷ ቆሞ ደግሞ ልጆች በቀላሉ ይሻገሩታል ይላታል!

«ሚስ ዳርሊን» አለች በእንግሊዝኛዋ፣ «እዚሁ እንየው። እኔ ከነካሁት ሲዲ አይሁን። እሱ አዲስ ካለው እሱን ያውጣ።»

ኮልተን ከቦርሳው ፕላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ ሎሊ አወጣ። እንዲህ ያለ ዕድል ለማንም አይሰጥም። ኤልፍነሽ ወንበሯን ሳበች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጆይስቲኩን ያዘች። ምሳ የሚበላው ሠራተኛ ሳህኑን እንደያዘ ከበባት። ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳው ኃይሉ ሁሉን ቀድሞ ከኋላዋ ቆመ።

ጥንቸሏ በረረች። አጥሩን ዘለለች፣ ጉድጓዱን አለፈች፣ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን ካሮት እንኳ አንድ ሳታስቀር ለቀመች። የመጀመሪያው ሌቭል በአራት ደቂቃ አለቀ፤ ሁለተኛው በአምስት። መክብብ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ዋው!» የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ፤ የኮልተን ጥርስ ደግሞ ቀስ በቀስ ተሸፈነ።

ወንዙ መጣ። ኤልፍነሽ ጥንቸሏን ዳሩን እያስኬደች ለሁሉም አሳየች፤ ወዲህ ሁለት ግንድ፣ ወዲያ ሁለት ግንድ። ዘለለች። ውኃ ውስጥ ገባች።

«ኡፕስ! እንደገና ሞክሪ!» አለች ሴትዮዋ።

«አያችሁ፣ ጊዜውን ጠብቆ መዝለል ነው» አለ ኮልተን።

ኤልፍነሽ ተነሳች። ጆይስቲኩን በነጠላ ሻርፗ ጫፍ ጠረገችና ዘረጋችለት።

«እሺ። አንተ ዝለል።»

እምቢ እንዳይል ሃምሳ ሰው ያየዋል። ተቀመጠና ዘለለ። ኡፕስ! ተንደርድሮ ዘለለ። ኡፕስ! ኃይሉ በአማርኛ «ሦስት! አራት!» እያለ መቁጠር ጀመረ፤ ሜክሲኮዎቹ ሠራተኞችም በስፓኒሽ ተቀበሉት። አሥረኛው ላይ ኮልተን ክራቫቱን አላላ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ጆይስቲኩን ያዘመመ ጊዜ ራሱም አብሮ አዘመመ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ጥንቸሏ «ኡዋ ኡዋ» እያለች ስትሰምጥ መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፁ ያልተሰማው መክብብ ድንገት ከኋላ ጮኸ፦ «ዌር ኢዝ ዘ ብሪጅ?» ራሱም በድፍረቱ ደነገጠ።

ኮልተን ስልኩን አወጣ። «ቢሮ ልጠይቅ፣ አንድ ዘዴ ይኖረዋል» አለ።

«ሁላችንም እንድንሰማው አድርግ» አለች ሚስ ዳርሊን።

ጌሙን የሠራው ሰው ነው ስልኩን ያነሳው። ሚስ ዳርሊን ስሟንና ከየት እንደምትደውል ነግራው፣ የሎሊ ሦስተኛ ሌቭል ድልድይ የት እንዳለ ጠየቀችው።

«ድልድዩ?» አለ ሰውዬው ሳይጨነቅ። «እሱማ የለም። በመኪናው ጊዜ ቀኑ ስለደረሰብን አወጣነው። በድቡ ጊዜ እንመልሰው ብዬ ጽፌ ነበር። በጥንቸሏም ጊዜ ጽፌአለሁ። ተዉት፣ ገዝተው ከሄዱ በኋላ ማን እዚያ ይደርሳል ተባልኩ።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለህ?»

«አለቃዬ ነዋ፣ ኮልተን።»

ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሁለተኛው ተከተለ፤ ወዲያው መጋዘኑ በጭብጨባ ተሞላ። ኮልተን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ኤልፍነሽ አላጨበጨበችም። ሻርፗን ጭብጥ አድርጋ ይዛ ቆመች። እውነቴን ነበር፣ እውነቴን ነበር ትላለች በልቧ።

ሚስ ዳርሊን ቁጥር ገብቷታል። «መክብብ» አለች፣ «ብሉ ኬትል የሚል ሁሉ ዛሬውኑ ይውጣ። የተፈተሸውም፣ ያልተፈተሸውም። ዕቃውን ለሰጡን ሱቆች በሙሉ የኤልፍነሽን ማስታወሻና ይሄ ሰውዬ በስልክ ያለውን እጽፍላቸዋለሁ።» ኃይሉ ሳህኑን አስቀምጦ ወደ ፎርክሊፍቱ ሮጠ። ትንሽ ቆይቶ ዕቃ የተደረደረባቸው ፓሌቶች አንድ በአንድ ወደ መጫኛው በር መሄድ ጀመሩ።

ኮልተን ኤልፍነሽን ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። አሁን ጥርሱ የለም፣ ድምፁም ወርዷል።

«እመቤቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ነገሩን በእርጋታ እንጨርሰው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለዎት፣ ሌሎች ጌሞቻችንን በነጻ…»

«እግዜር ያሳይህ! ሌላ ጌም?» አለች፤ ይቺ በአማርኛ ነው ያመለጠቻት። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠለች። «የልጅ ልጅ አለችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። በአንተ ምክንያት ደደብ ነኝ ብላለች። ደብዳቤ ጻፍላት። እዚሁ፣ በእጅህ፣ አሁን።»

ጠበቆቻችን እንደዚህ ያለ ነገር አይፈቅዱም ብሎ ጀመረ። ሚስ ዳርሊን ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ጻፈ። ኤልፍነሽ ተቀብላ አነበበች፤ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ከመክብብ ኪስ ቀይ እስክሪብቶ አወጣችና መስመሩን በሙሉ አከበበችው።

«ይሄ እንከን አለበት» አለችው። «ምን መጉላላት? ማን ፈጠረው? እንደገና ጻፍ።»

በሁለተኛው ላይ «የቴክኒክ ስህተት» የሚል ነገር አገኘች፤ እሱንም አከበበች። ሦስተኛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ አነበበችና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው።

ቤት ስትደርስ ሰሎሜ ምግብ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ኤልፍነሽ ጫማዋን ሳታወልቅ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋችው።

«ላንቺ ነው። ጌሙን ያሠራው ሰውዬ ነው የጻፈልሽ። አንብቢው።»

ሰሎሜ ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበች።

«ውድ ሰሎሜ። ሌቭል ሦስት ላይ ድልድይ መኖር ነበረበት። እኛ አላስገባነውም። እንደሌለ እያወቅኩ እንዲሸጥ አድርጌአለሁ። ማንም ሰው ሊሻገር አይችልም። እኔ ራሴ ዛሬ ሃያ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም። ጥፋቱ የኔ እንጂ ያንቺ አይደለም። ኮልተን።»

ልጅቷ ቀና አለች። «ትልቅ ሰው ነው?»

«ትልቅ ሰው ነው። ክራቫት ያሰረ።»

«ሪሊ ሃያ ሦስት ጊዜ ወደቀ?»

«ሃምሳ ሰው ቆጥሮለታል።»

ሰሎሜ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ሳቁ ከሆዷ መጣና ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረች። ኤልፍነሽ ይህን ሳቅ ሦስት ወር ሙሉ አልሰማችውም ነበር፣ እሷም አብራ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ቁልፍ በሩ ላይ ሲዞር ተሰማ። እድላዊት ከነዩኒፎርሟ፣ ድካሟን ተሸክማ ገባች።

«ማሚ፣ ሊስን!» ብላ ሰሎሜ ወንበሩ ላይ ቆመች። ደብዳቤውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሁን ጣቷ አላስፈለጋትም። እየቀጠለች በሄደች ቁጥር ድምፅዋ ከፍ አለ። «ጥፋቱ» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችና የቀረውን በራሷ ቃል ጮኸችው።

«እኔ አይደለሁም!»

እድላዊት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።